ለውድ ደንበኞቻችን፦ ስለ ቪኒል ወለል ማስነጠፊያ ዋጋችን

ጅማ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ከረማችሁ። ከጥቅምት 1 ጀምሮ በቪኒል ንጣፍ ሥራችን ላይ ያደረግነው የዋጋ ለውጥ ብዙዎቻችሁን እንዳስከፋ አውቃለሁ። አንዳንዶቻችሁ ደውላችሁ ፊት ለፊት ነግራችሁኛል። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ለጎረቤት ነግራችሁ ዞሮ ዞሮ እኔ ጆሮ ገብቷል፤ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ጠዋት የተወራ ከሰዓት በኋላ ቆጪ ሰፈር መድረሱ መቼም አይቀርም። በስልክ «በካሬ ይሄን ያህል» ተብላችሁ፣ የሚያነጥፉት ልጆች፣ ሠራተኞቼ፣ ዕቃቸውን ይዘው ቤታችሁ ከገቡ በኋላ ሌላ ሂሳብ መስማታችሁ ልክ አልነበረም። ለዚህ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ለውጡን ግን አላነሣውም፤ ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ለማታውቁት፣ የተለወጠው ይህ ነው። የእጅ ዋጋ በካሬ ከ200 ብር ወደ 280 ብር ገብቷል። ድሮ በነጻ የምንሠራው ወለል ማስተካከል ራሱን ችሎ ይታሰባል። ቤቱን ሳናይ በስልክ ዋጋ አንናገርም፤ ለልኬት ስንመጣ 500 ብር እንቀበላለን፣ ሥራው ከተሰጠን ከሂሳቡ ላይ ይቀነሳል። የሰጠነው ዋጋም የሚጸናው ለ10 ቀን ብቻ ነው።

«ስሙ ሲገንን ናቀን» የተባለው በጣም ተሰምቶኛል፤ አልደብቅም። አባቴ እዚሁ ጅማ ከአንድ ግንድ በርጩማ ፈልፍሎ ያሳደገኝ አናጢ ነው። እኔም ሥራ የጀመርኩት በሰው ቤት ፓርኬ እየሞረድኩ፣ ቫርኒሽ እየቀባሁ ነው። ይህችን ሱቅ በ2006 ስከፍት የምሸጠው ጥቅል የፕላስቲክ ምንጣፍ ነበር፤ ያንን እየቆረጥኩ በሞተር ጭኜ ቤት ለቤት ያደረስኩላችሁ ሰዎች ዛሬም ደንበኞቼ ናችሁ። ፎቅ ጀምሯል ለምትሉም፣ የራሴ ቤት ሳሎን እስከ ዛሬ ሊሾ ነው። ባለቤቴን ጠይቋት፣ በየዓመቱ ታስታውሰኛለች።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ብዙ ሰው የወለል ዋጋ ማለት ንጣፉ ታሽጎ የሚመጣበት የካርቶኑ ዋጋ ይመስለዋል። ካርቶኑን ሱቅ ያየዋል፣ ይደባብሰዋል፣ ይከራከርበታል። ከሥር ያለውን ማንም አያየውም፤ ገንዘቡን የሚበላው ግን እሱ ነው።

አሁን የምናነጥፈው ቪኒል ኤስፒሲ የሚባለው፣ ከኖራ ድንጋይ ዱቄትና ፒቪሲ ከሚሉት ፕላስቲክ የሚሠራው ነው። ሳንቃው ባለ ጥርስ ነው፤ አንዱ በሌላው ውስጥ ይቆለፋል እንጂ ሙጫ አይፈልግም። ይህ ቁልፍ ቀጭን ነው። ብዙዎቹ አምራቾች በ2 ሜትር ርዝመት ውስጥ ወለሉ ከ3 ሚሊ በላይ እንዳይጎደጉድ ይጠይቃሉ። እስቲ ቤታችሁ ያለውን ሊሾ ረጅም ቀጥ ያለ አሉሚኒየም አጋድማችሁ ለኩት። እኔ በዚህ ከተማ ከ3 ሚሊ በታች ያገኘሁት ቤት በጣት የሚቆጠር ነው፤ ግማሹ መሐል ላይ እንደ ምጣድ የሰረጎደ ነው። ከሥሩ ክፍተት ያለ ሳንቃ በተረገጠ ቁጥር ይጎነበሳል፣ ቁልፉ ይሰበራል፣ ከዚያ «ቋ… ቋ…» ማለት ይጀምራል።

ማስተካከያው ዱቄት፣ ሰልፍ ሌቭሊንግ የሚሉት፣ ለአንድ ካሬ በአንድ ሚሊ ውፍረት ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ ይበላል። 40 ካሬ ሳሎን በአማካይ 5 ሚሊ ከጎደለ ወደ 320 ኪሎ ነው፤ ባለ 25 ኪሎ ከረጢት 13 ማለት ነው። እኛ ይህንን ለዓመታት «ትንሽ ነገር ናት፣ እናስተካክላታለን» እያልን በነጻ ስንሠራ ኖረናል። ዱቄቱ ርካሽ በነበረ ጊዜ ያስኬድ ነበር። አሁን 13 ከረጢት በነጻ ካፈሰስኩ ከዚያ ቤት የምወጣው ከኪሴ ከፍዬ ነው።

ስለ ዋጋ ንረት ለእናንተ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ቢሆንም አንድ ቀን ላስታውስ፦ ሐምሌ 22 ቀን 2016። እስከዚያ ቀን ድረስ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ከ100 አለፈ። ሳንቃው ከውጭ የሚመጣ ነው። ከአዲስ አበባ ያለው አስመጪ ጠዋት የነገረኝን ዋጋ ማታ ይቀይረዋል፤ ለእናንተ የሁለት ወር ዋጋ እንዴት ልስጥ? ዕቃው ደግሞ ከባድ ነው። ለአንድ 40 ካሬ ሳሎን የመቁረጫ ብክነት 10 በመቶ ጨምረን 44 ካሬ እናዛለን፤ ባለ 4 ሚሊው በካሬ 8 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን 350 ኪሎ ይሆናል። 350 ኪሎ ጭነት፣ 350 ኪሎ ሜትር መንገድ። የግቤን በረሃ ወርዶ የወጣ አይሱዙ ነዳጅ ሲጨምር ኪራዩን ዝም ብሎ አይተወውም። ብክነቱንም ቢሆን «የተረፈውን ራሱ ይወስደዋል» የሚል አለ። የተረፈውን ሳንቃ ሁልጊዜ ለእናንተ ትተን እንወጣለን፤ የግድግዳው ጥግ ጠማማ በሆነ ቤት ደግሞ 10 በመቶውም አይበቃም።

በእርግጥ ወደዚህ ውሳኔ የገፋኝ ዶላሩ ብቻ አይደለም። ባለፈው ክረምት ቦሳ ቂጦ አካባቢ ለአንዲት እናት ሳሎን አነጠፍን። ለልጃቸው ኒካህ መድረስ ነበረበት፤ ጥድፊያ ነበር። ወለሉን ዐይቼ «ደርቋል» አልኩ፤ በዐይኔ ብቻ። ኒካሁ አልፎ፣ እንግዳ ተሸኝቶ፣ በሦስተኛው ሳምንት ደወሉልኝ። ስገባ ቡና ተፈልቷል፣ ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ሶፋው ሥር ሄጄ አንዱን ሳንቃ በቢላ ጫፍ አነሣሁት። ጀርባው ላይ ውሃ እንደ ላብ ቸፍ ብሎ ነበር፣ ሽታው የሻገተ የእህል ጆንያ ሽታ። እሳቸው ሲኒዬን እየሞሉ «ልጄ፣ ይሄ ውሃ አይነካውም ብለኸኝ ነበር እኮ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው፣ ብዬ ነበር። ሳንቃውን ውሃ አያሳብጠውም። ከመሬት የሚመጣው እርጥበት ግን ከሥሩ ታፍኖ ይቀራል። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት፤ ሲሚንቶው ሥር ላስቲክ ሳይነጠፍ የተሠራ ቤት ክረምቱን ሙሉ እርጥበት ይስባል። ሙሉውን አንሥተን፣ አድርቀን፣ ወፍራም ላስቲክ ዘርግተን እንደገና ሠራነው። አንድ ብር አልተቀበልኩም። የዚያን ወር የሁለት ልጆች ደመወዝ የከፈልኩት ተበድሬ ነው።

እንግዲህ ያ 500 ብር ይህ ነው። ስንመጣ ሜትር ዘርግተን ብቻ አንሄድም። አንድ ክንድ የሚያህል ላስቲክ በፕላስተር ዙሪያውን ወለሉ ላይ እናሽጋለን፣ በማግስቱ እናነሣዋለን። ሥሩ ጤዛ ከያዘ ወለሉ ገና ነው። ውሃ ልኩን፣ ጉድጓዱን፣ በሩን እናያለን፤ ወለሉ ከፍ ስለሚል ብዙ በር ከታች ይቆረጣል፣ ዞኮሎውም፣ የግድግዳው ግርጌ ጠርዝ፣ ይነሣል። ሁለት ምልልስ ነው፣ ለባጃጅና ለአንድ ባለሙያ ግማሽ ቀን። ከዚያ በኋላ የምነግራችሁ ዋጋ አይቀየርም። ልጆቹ ከገቡ በኋላ «ይህም አለ፣ ያም አለ» አትሰሙም። የተቆጣችሁበት ነገር ይኸው አልነበረም?

ማስተካከሉን በራሳችሁ ግንበኛ ማሠራት ከፈለጋችሁም ቅር አይለኝም። ሲደርቅ ለክተን፣ ልክ ከሆነ እናነጥፋለን፤ ካልሆነ አናነጥፍም። ለአንዳንዶቻችሁ ደግሞ «ይቅርባችሁ፣ ሊሾውን አሳድሱት» ብዬ የመለስኳችሁ ጊዜ እንዳለ አትርሱ። ገንዘብ ብቻ ቢሆን ያሳሰበኝ ያንን አልልም ነበር።

አንድ ሌላ ቅሬታም አለ፣ ስለ ከሰል። ቪኒል ከሰል አይችልም። ረከቦቱ ምንም አያደርገውም፤ የጋለ ማንደጃ በቀጥታ ከተቀመጠበት ግን ይቀልጣል፣ ፍም ከወደቀበትም ጠባሳው አይለቅም። ይህ የሥራ ጉድለት ስላልሆነ በነጻ የምንቀይርበት መንገድ የለም፤ መሐል ላይ ያለ ሳንቃ ለመቀየር ከግድግዳው ጀምሮ መፍታት አለብን። ማንደጃው ሥር አንድ ሴራሚክ ወይም ወፍራም ትሪ አድርጉ። ቡና የማይፈላበት ሳሎን ጅማ ውስጥ እንደማይኖር እኔም አውቃለሁ፤ ይህንን ገና ስንሸጥላችሁ መንገር ነበረብን።

ከጥቅምት 1 በፊት ቀብድ የከፈላችሁ ሁሉ በአሮጌው ዋጋ ይሠራላችኋል፣ ማስተካከሉም ጭምር። ስንት ቤት እንደሆነ ቆጥሬዋለሁ፣ እንደማያዋጣኝም አውቄ ነው። ተጨማሪ ተጠይቃችሁ የከፈላችሁ ካላችሁ ደረሰኙን ይዛችሁ ኑ፣ ልዩነቱን እመልሳለሁ።

ለመውሊድ ለክተንላቸው ከዚያ በዚህ ዋጋ ጉዳይ ተኮራርፈን የቀረን አንድ ቤተሰብ አሉ፤ ራሳቸውን ያውቃሉ። 11 ካርቶናችሁ እስከ አሁን ሱቁ ውስጥ፣ ከበሩ በስተግራ ስማችሁ በእስክሪፕቶ ተጽፎበት ተደርድሯል። ሌላ ሰው ጨምሬ ልውሰደው ብሎኝ አልሸጥኩትም። ከእሑድ በቀር በማንኛውም ቀን ኑ፤ ካልፈለጋችሁት ገንዘባችሁን ውሰዱ፣ ከፈለጋችሁት ሰኞ ልጆቹን እልካለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቁ ባለቤት