ግማሽ እርምጃ ወደ ግራ

ድሬዳዋ፣ ኅዳር 14

ይድረስ ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድሜ፤

እንደምን ከረምክ? እናትህስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ድሬም ሙቀቷ በረድ ብሎላት ማታ ማታ ነጠላ መደረብ ጀምረናል። ከተጻጻፍን ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። ዝም ያልኩት እኔ ነኝና ይቅር በለኝ፤ በሐምሌ መጥተህ ሳንገናኝ መቅረታችንም እስካሁን ይቆጨኛል።

የላክሃቸውን ሦስት ፎቶዎች 10 በ15 አሳጥቤ፣ የማን እንደሆኑ ሳልናገር፣ እንደኛው የባቡር ፎቶ ማንሳት ለሚወዱ አራት ሰዎች አሳየኋቸው። «እውነቱን ንገረኝ» ብለሃልና የሰማሁትንና እኔም የማስበውን አንድ በአንድ እጽፍልሃለሁ። አቦ፣ «አሪፍ ነው» ብዬ ባልፍህ ወዳጅነት አይባልም።

ከአዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ መስመር ባቡር ልጀምር። አራቱም ጣታቸውን ያሳረፉት አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ከባቡሩ ጎታች ከሎኮሞቲቩ ጣሪያ ላይ እንደ ቀንድ በበቀለው የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ። መፍትሔው ላይ ግን አልተስማሙም። አንዱ ከላይ ቁረጠው አለ፣ አንዱ በኮምፒውተር አጥፋው አለ፣ ሌላው ዙም አድርጎ ቢያነሳው ኖሮ አለ። ሰው ፎቶህን አይቶ እዚህ ጋ ሕመም አለ ሲልህ እመነው። መድኃኒቱን ግን ራስህ ፈልግ፤ ቦታው ላይ የነበርከው አንተ ነህና። ሦስት ሰው አንድ ቦታ ላይ ጣቱን ካሳረፈ፣ ምክራቸው ቢለያይም ችግሩ እውነተኛ ነው።

ምሰሶው የበቀለው አንተ፣ ሎኮሞቲቩና ምሰሶው አንድ መስመር ላይ ስለዋላችሁ ነው። ምሰሶው ቅርብ ከሆነ ግማሽ እርምጃ ወደ ግራ ብትል ይለቅሃል። ሩቅ ከሆነ ግን አሥር እርምጃ ብትሄድም ብዙ አይነቃነቅም፤ ያኔ የሚያድንህ ሰዓቱ ነው፤ የባቡሩ ፊት በሁለት ምሰሶዎች መሀል ባለው ክፍት ቦታ ሲደርስ መጫን። ረጅም ሌንስ ምሰሶዎቹን አንዱን በሌላው ላይ ስለሚደራርባቸው ክፍተቱ ይጠባል። በ50 ሚሊሜትር አካባቢ ሌንስ ካነሳህ ይሰፋልሃል። ስለዚህ ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት ክፍተቱን ምረጥ፣ ከሐዲዱ ዳር ለዓይንህ ምልክት የሚሆን ድንጋይ ወይም ቁጥቋጦ ያዝ፣ ፎከሱን እዚያው ላይ አስቀድመህ ቆልፍ። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር በሴኮንድ 33 ሜትር ይጓዛል፤ ምሰሶዎቹ በ50 ሜትር ልዩነት ቢቆሙ ሴኮንድ ተኩል ብቻ አለህ ማለት ነው። ባቡሩን ካየህ በኋላ ማሰብ ከጀመርክ አልፎሃል። ምልክትህ ጋ ሊደርስ ሲል ሦስት አራት ፎቶ አከታትለህ አንሳ። የሹተሩን ፍጥነት ከ1/1000 ሴኮንድ አታውርደው፤ በዚያ ፍጥነት በ1/1000 እንኳ ባቡሩ ሦስት ሴንቲ ሜትር ይንቀሳቀሳል። ፊት ለፊት ሲመጣብህ ብዥታው ያን ያህል አይታይም፤ በጎን ሲያልፍህ ግን ይታያል።

እዚያው ፎቶ ላይ፣ ከጣሪያው ተነስቶ ሽቦውን የሚነካውን ክንድ ከላይ ቆርጠኸዋል። በኤሌክትሪክ የሚሄድን ባቡር ክንዱ ሽቦውን ከሚነካበት ቦታ መቁረጥ ሰውን ከግንባሩ ላይ እንደመቁረጥ ነው። ወይ ሽቦው ሁሉ በፍሬሙ ውስጥ ይግባ፣ ወይ ጣሪያውም ቀርቶ ፊቱ ብቻ ይሁን፤ መሀል ላይ መቅረት የለም። ፎቶው ያዘመመ መስሎ የታየህም ሐዲዱን ተከትለህ ስላቃናኸው ነው። ሐዲድ ዳገትና ጠመዝማዛ ስላለው አይታመንም። በፍሬሙ መሀል አካባቢ ካለው ምሰሶ ጋር አስተካክለው።

አደራህን፣ ከዚያ መስመር ራቅ በል። ሽቦው 25,000 ቮልት ነው፤ ካሜራ በዘንግ ሰቅሎ ከፍ ማድረግ የሚባል ነገር እዚያ አይሞከርም። አጥሩንም አትለፍ።

ሁለተኛው፣ በዎርክሾፑ ግቢ የቆመው አሮጌው ሎኮሞቲቭ፣ ከሦስቱ የምወደው ነው፤ ስለዚህም የሚያናድደኝ እሱ ነው። ቀትር ላይ አንስተኸዋል። ጣሪያው ነጭ ሆኖ ተቃጥሏል። ከወገቡ በታች ያለው ጎማ፣ ባሌስትራ፣ ቱቦ ሁሉ ጥቁር ጉድጓድ ሆኗል። ያቺን ከሥሩ የወደቀችውን አጭር ጥላ ደግሞ ልብ ብለህ እያት፤ የወደቀችው ወደ ተራራው፣ ወደ ደቡብ ነው። ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ድሬ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ተኩል ያህል ላይ ስላለች፣ ከሚያዝያ 7 ገደማ እስከ ነሐሴ 22 ገደማ የቀትር ፀሐይ ከእኛ በስተ ሰሜን ናት፤ በቀረው ጊዜ በስተ ደቡብ ትሆናለች። ሐዲዱ ምሥራቅና ምዕራብ በተዘረጋበት ቦታ በሐምሌ ከሐዲዱ በስተ ሰሜን፣ በታኅሣሥ በስተ ደቡብ ቆመህ ታነሳለህ፤ ጎኑ የሚበራልህ እንደዚያ ነው። ወደ ሽንሌ ሲያቀና መስመሩ ወደ ሰሜን ስለሚያዘነብል፣ እዚያ ጧት ከምሥራቅ፣ ከሰዓት በኋላ ከምዕራብ ጎን ቁም።

እዚህ አገር ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው፤ መልካሙ ብርሃን ቶሎ ያልቃል። በታኅሣሥ አጋማሽ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ትወጣለች። ከዚያ አንድ ሰዓት ቆይቶ የአንድ ነገር ጥላ የቁመቱን አራት እጥፍ ተኩል ያህል ይረዝማል፣ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ደግሞ ሁለት እጥፍ። ብርሃኑ ከባሌስትራው ሥር ድረስ የሚገባልህ ያኔ ነው፤ ከ2 ሰዓት ተኩል በኋላ ግን እየጠፋ ይሄዳል። ማታም ከ10 እስከ 11 ሰዓት ተኩል ድረስ ሥራ። ጥላው ረጅም በሆነበት ሰዓት የራስህንም አትርሳ፤ አንድ ሜትር ከ70 የሆነ ሰው ጥላው ከ7 ሜትር ያልፋል፣ እግሩ ሳይሆን ጭንቅላቱ ነው ፍሬም ውስጥ የሚገባው። ከጀርባህ ያለው የዛፍና የምሰሶ ጥላም ሎኮሞቲቩ ፊት ላይ መውደቁን ከመጫንህ በፊት እይ።

ስለዚያው ፎቶ ከአራቱ አንዱ ያለውን ሳልነግርህ ማለፍ አልችልም፦ «ይህ ባቡር የየትኛው መስመር እንደሆነ አያስታውቅም» አለ። እውነቱን ነው። የአሮጌው ሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነው፤ የአዲሱ 1435 ሚሊሜትር። ያ ጥበት የሚታየው ከፊት ለፊት፣ ዝቅ ብለህ ስታነሳ ነው። ያኔ ሰፊው አካል በቀጭን እግር የቆመ ይመስላል፣ ከሐዲዱ ወደ ውጪ የተንሠራፋው ጎኑ ጎልቶ ይወጣል። አንተ እንዳነሳኸው በጎን ከሆነ አንደኛው ሐዲድ ሌላውን ስለሚሸፍነው ጥበቱ ይጠፋል። ተመልሰህ ቁጢጥ በል፣ ካሜራውን ጉልበትህ ላይ አድርግ፣ ሁለቱንም ሐዲድ አሳይ። ግን ባቡር በማይንቀሳቀስበት ግቢ ውስጥ ብቻ፣ ያውም ቢሮውን አስፈቅደህ፣ ጥበቃዎቹን ሰላም ብለህ።

ሦስተኛው፣ የድሬው የከዚራ ሰፈር ባቡር ጣቢያ ፎቶ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። ሕንፃው ወደ ኋላ የወደቀው ካሜራውን ወደ ላይ ስላቀናህ ነው፤ ራቅ በልና ካሜራውን ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ ከሥር የሚተርፈውን መሬት በኋላ ትቆርጠዋለህ። የአማርኛና የፈረንሳይኛው ጽሑፍ በባጃጅ ጣሪያ እንዳይሸፈን ጠብቅ። ዛፉን ግን ለምን አወጣኸው? ከተማዋ ራሷ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ሲደርስ የተቆረቆረች ናት፤ ከጣቢያው ፊት ያለው ጥላ፣ መንገዱ፣ ከሥሩ የተቀመጠው ሰው የባቡሩ ታሪክ ነው። የሚወጣው ቁጥቋጦው ላይ የተንጠለጠለው ፌስታል ነው፤ እሱን ደግሞ ኮምፒውተር ሳይሆን እጅህ ያነሳዋል።

እንዴት አስተያየት እንደምትጠይቅ ደግሞ ልንገርህ፤ የደከምከው እዚያ ላይ ይመስለኛል። ስታሳይ ታሪኩን አስቀድመህ ትነግራቸዋለህ፤ «ይህን ለማንሳት ሦስት ሰዓት ጠብቄ» ስትላቸው ሰው ድካምህን እንጂ ፎቶውን አያይም። ዝም በል። ሦስት ደቂቃ ይዩት። ከዚያ ሦስት ነገር ብቻ ጠይቅ፦ ዓይንህ መጀመሪያ የት አረፈ? ከፍሬሙ በየት በኩል ወጣ? አንድ ነገር አውጣ ብትባል ምኑን ታወጣለህ? «ወደድከው?» ብለህ አትጠይቅ፤ የኛ ሰው ይሉኝታ አለበት፣ አልወደድኩትም አይልህም።

ከጫማ ካርቶን እንደ L ፊደል ያሉ ሁለት ማዕዘኖች ቁረጥ፤ ክንዳቸው 20፣ ስፋታቸው 4 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ፎቶው ላይ ፊትና ኋላ አድርገህ ስትገጥማቸው መስኮት ይሆናሉ፤ እያጠበብክ እያሰፋህ የት ቢቆረጥ እንደሚሻል ሁሉም በዓይኑ ያየዋል፣ ክርክሩም ያጥራል። ባቡሩ ከፊቱ ያለው ቦታ ከኋላው ካለው ሰፋ ማለት አለበት፣ አለዚያ ግድግዳ ሊገጭ የሚሄድ ይመስላል። ሐዲዱም ከፍሬሙ ጥግ ላይ ልክ ከሚገባ ከጥጉ ትንሽ ፈንጠር ብሎ ቢገባ ይሻላል፤ ጥጉ ዓይንን እየመራ ያስወጣል። ፎቶውን ገልብጠህም እየው፤ ባቡር መሆኑ ሲጠፋብህ ብርሃኑና ጨለማው ብቻ ይቀራል፣ ከባዱ የት እንዳለ ያኔ ይገባሃል።

የባቡር ጡረተኛ ካገኘህ ለብቻው አሳየው። እሱ ስለ ቅንብር ሳይሆን ስለ ሞተሩ ነው የሚነግርህ፤ የቱ ፊት የቱ ኋላ እንደሆነ፣ የትኛው ክፍል ቢታይ ሎኮሞቲቩ እንደሚለይ። ይህ ከማንም የማታገኘው ዕውቀት ነው፣ ግን ከሌላው አስተያየት ጋር አትቀላቅለው።

ሁሉንም ከፎቶው ጀርባ በእርሳስ ጻፍ፦ ሰዓት፣ የቆምክበት ቦታ፣ ሌንስ፣ የተባልከው። ከዚያ አስተያየቱን ወደ እግር፣ ወደ ሰዓት ወይም ወደ ሌንስ መልሰው። «ሕይወት የለውም» ቢሉህ ምን ታደርገዋለህ? «ሰውዬው ከጎማው ጎን ቢቆም መጠኑ ይታይ ነበር» ሲሉህ ግን ነገ ሄደህ ትሠራዋለህ። ወደዚያው ቦታ ተመለስና አዲሱን ከአሮጌው ጎን አድርገህ ለእነዚያው ሰዎች አሳይ፤ ተመልሶ የማያሳይ ሰው ብዙ ነው፣ አስተያየት ሰጪውም የሚሰለቸው ለዚህ ነው። በቴሌግራም ስትልክልኝም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላክ፤ አለዚያ ጥራቱን ይቀንሰዋል፣ የጎማው ዝርዝር አይታየኝም።

ለቁልቢ ገብርኤል እንደምትመጣ ሰምቻለሁ። ከታኅሣሥ 19 ሁለት ቀን ቀድመህ ድሬ ግባ፤ የዎርክሾፑን ፈቃድ እኔ ቀድሜ እጠይቃለሁ። ስድስት ፎቶ ብቻ አሳጥበህ ይዘህ ና፣ ከጀርባቸው ስምህን አትጻፍ። በ17 ጧት 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ከዚራ ጣቢያው ፊት እጠብቅሃለሁ፤ ካርቶኑ ከእኔ ጋ አለ።

እናትህን ሳምልኝ።

ወንድምህ