ማይኩን ለወጣቶቹ ልቀቁላቸው

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ለወጣቶች ተብሎ የሚቀርበውን የቴሌቪዥን የውይይት ፕሮግራም ከ15 ዓመት ልጄ ጋር እከታተላለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪ ስለ ፈተና ጭንቀት መናገር ጀመረች። ድምጿ ይቆራረጣል፤ የማይኩን ገመድ በጣቷ ትጠመዝዛለች። ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳትጨርስ አቅራቢው «ጥሩ፣ ወደ ባለሙያችን እንለፍ» ብሎ አቋረጣት። ባለሙያው ሩብ ሰዓት ሙሉ ተናገሩ። ልጄ ምንም ሳትል ተነስታ ክፍሏ ገባች።

በ1989 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 12 ልጆች በሚመለከታቸው ጉዳይ ሐሳባቸውን በነጻነት እንዲገልጹና ሐሳባቸው ክብደት እንዲሰጠው ይደነግጋል። በቀጥታ ስርጭት ዝምታ እንደሚያስጨንቅ ይገባኛል፤ ይህ ግን አስቀድሞ የሚቀዳ ፕሮግራም ነው። እባካችሁ ያቺን ልጅ መልሳችሁ ጋብዟትና የጀመረችውን ትጨርስ።

የዘወትር ተመልካች