ለትምህርት ሚኒስቴር፦ ባሕር ዳር ላይ የጋራ የማይክሮስኮፕና የሴል መለያ ማዕከል ይቋቋም

የተከበራችሁ የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

ይህን የምጽፈው ባሕር ዳር ላይ በባዮሎጂ ምርምር የምሠራ ሰው ሆኜ ነው። ጥያቄዬ አንድ ነው። በጣና ዙሪያ ያለ ተመራማሪ ሁሉ በቀጠሮ የሚገለገልበት የጋራ ማዕከል ይቋቋም። መጀመሪያ ጥሩ ማይክሮስኮፖች ይግቡለት፤ ሴል ሶርተሩ ይከተል።

ሴል ሶርተር ሴሎችን አንድ በአንድ የሚለይ ማሽን ነው። ሴሎቹ በቀጭን የፈሳሽ መስመር ውስጥ ተሰልፈው በሌዘር ፊት ያልፋሉ። ማሽኑ እያንዳንዱ ሴል የሚሰጠውን ብርሃን ያነባል። ከዚያ ፈሳሹ ወደ ጠብታ ይሰባበራል። የሚፈለገው ሴል ያለበት ጠብታ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ይሰጠውና ተስቦ ለብቻው ቱቦ ውስጥ ይገባል። ይህ ሁሉ በሴኮንድ ለሺዎች ሴሎች ይደረጋል።

ለምን እዚህ? ቫይቫክስ የሚባለውን የወባ ዓይነት እንውሰድ። ሌላውን፣ ፋልሲፓረም የሚባለውን የወባ ተውሳክ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1976 ጀምሮ ላቦራቶሪ ውስጥ ማሳደግ ይቻላል። ቫይቫክስ ግን በደንብ ያልበሰሉ ቀይ የደም ሴሎችን ስለሚመርጥ፣ እስካሁን በላቦራቶሪ አሳድጎ ማቆየት አልተቻለም። ስለዚህ ቫይቫክስን የሚያጠና ሰው ሕመምተኛው ያለበት መሆን አለበት። ሕመምተኛው ያለው እኛ ጋ ነው። ማሽኑ ያለው ሌላ አገር። ደሙን ለመላክ ፈቃድ፣ ስምምነት፣ ደረቅ በረዶ፣ ጉምሩክ... ጣጣው ብዙ ነው። ቢደርስም ቀዝቅዞ ሲቀልጥ ብዙ ሴል ይሞታል። ዋናው ሥራ እዚያ ይሠራል፤ የእኛ ልጅ ናሙና ሰብሳቢ ሆኖ ይቀራል። የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ሐይቁም ጉዳይ አለው። እንቦጭን ሁሉም ሰው ያየዋል። ማይክሮሲስቲስ የሚባለውን ጥቃቅን የውሃ ባክቴሪያ ግን ልብ የምንለው ተባዝቶ ውሃውን አረንጓዴ ሲያደርገው ነው። መርዝ የሚያመነጭም የማያመነጭም አለው፤ ሁለቱን በማይክሮስኮፕ አይቶ መለየት አይቻልም። እነዚህ ሴሎች ግን የራሳቸው ቀለም ስላላቸው ሌዘር ሲያርፍባቸው ያለ ማቅለሚያ ያበራሉ። ለይቶ አውጥቶ ጂናቸውን ማየት ይቻላል ማለት ነው። ያንን ውሃ የሚጠጣ ሰውና ከብት አለ።

እያንዳንዱ ትምህርት ክፍል የራሱን ይግዛ አላልኩም። ሰፈር ውስጥ ሁሉም ቤት ወፍጮ የለውም፤ ወፍጮ ቤት ግን አለ፤ እህሉን ይዞ የመጣ ከፍሎ ያስፈጫል። የእኛም ማዕከል እንደዚያ ይሁን። ከጎንደርም፣ ከደብረ ታቦርም፣ ከደብረ ማርቆስም፣ ከሆስፒታሎችም የሚመጣ ሰው እኩል ወረፋ ይያዝ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ማሽን መግዛት ቀላሉ ክፍል ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ ተቋም ውስጥ ጥሩ የፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ (ብርሃን ሲያርፍባቸው የሚያበሩ ነገሮችን የሚያሳይ) አለ። የፕላስቲክ ልብሱን ለብሶ ጥግ ላይ ቁጭ ብሏል። ያለቀው የሜርኩሪ አምፖሉ ነው። እንዲህ ያለ አምፖል 200 ወይም 300 ሰዓት ሠርቶ ይቀየራል፤ ይህ ሲገዛም የታወቀ ነው። ለመቀየሪያው ግን በጀት አልተያዘም፤ ዶላርም የለም። ሳይነካ ሲቀመጥ ሌንሱ ላይ ነጫጭ ሻጋታ ወጣበት። ተማሪዎቹ ስላይዳቸውን ጠቅልለው አዲስ አበባ ይሄዳሉ።

ሶርተር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሌዘሩና ጠብታው መስተካከል አለባቸው። ጠብታው የሚወጣበት ቀዳዳ የፀጉር ውፍረት ቢያክል ነው፤ በትንሽ ቆሻሻ ይዘጋል። በመሃል መብራት ከሄደ የያዘው ናሙና ተበላሸ ማለት ነው። እሱን ብቻ ሥራዬ ብሎ የሚይዝ ሰው ካልተቀጠረ ባይገዛ ይሻላል።

ስለዚህ እባካችሁ ግዥው ሲታሰብ የ5 ዓመት የጥገና ውል አብሮ ይገዛ፤ የውጭ ምንዛሪውም አብሮ ይፈቀድ። ባለሙያው ቋሚ ተቀጣሪ ይሁን፤ የደረጃ እድገት ይኑረው። ሥራውን ለአስተማሪ በተጨማሪነት መስጠት አያዋጣም፤ ሰውየው ክፍል ሲገባ ማሽኑ ይቆማል። ሰው ከየት ይመጣል ከተባለ፣ አለን። የኤችአይቪ ሕክምና ሲስፋፋ ሲዲ4 የሚባሉትን በሽታ ተከላካይ ሴሎች የሚቆጥሩ ፍሎው ሳይቶሜትሮች (እንደ ሶርተሩ ሴልን በሌዘር የሚያነቡ ማሽኖች) በብዙ ሆስፒታሎች ገብተው ነበር። እነሱን ሲያሠሩ የኖሩ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች አሉ። ሥልጠናው ከእነሱ ይጀመር።

መንግሥት የምርምር ዩኒቨርሲቲ ብሎ ከለያቸው 8 ተቋማት አንዱ ባሕር ዳር ነው። ስያሜውን ሰጥታችሁናል፤ መሥሪያውንም ስጡን።

ለመጀመር ብዙ ብር አያስፈልግም። በአካባቢው ያሉት መሣሪያዎች ይቆጠሩ፤ የትኛው ይሠራል፣ የትኛው በምን ምክንያት ቆመ የሚለው ዝርዝር ለሁሉም ይፋ ይሁን። በአምፖል ብቻ የሚነሳው በአምፖል ይነሳ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚገባ ምላሻችሁ ከዚያ በፊት ቢደርሰን እናመሰግናለን።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የባዮሎጂ ተመራማሪ
ባሕር ዳር