ካናል ፕሉስን በኳስ ብቻ አንለካው

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ ክፍያ ቴሌቪዥን ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ፤ ሆኖም የፈረንሳዩ ካናል ፕሉስ የእግር ኳስ ጣቢያ ብቻ ተደርጎ መቅረቡ ጎዶሎ ሆኖ ታይቶኛል።

ጣቢያው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 1984 በአንድሬ ሩስሌ መሪነት ሥርጭት ሲጀምር የአገሪቱ አራተኛ ብሔራዊ ጣቢያና የመጀመሪያው የክፍያ ቴሌቪዥን ነበር፤ የተጠቀመውም የአንደኛው ጣቢያ ጥቁርና ነጭ ሥርጭት በለቀቃቸው ሞገዶች ነው። የምስሉ መስመሮች ወደ ጎን እየተንሸራተቱ፣ ድምፁም ተዛብቶ ይላክ ስለነበር፣ ዲኮደር (የተዛባውን ሥርጭት የሚፈታ መሣሪያ) የሌለው ተመልካች ከመንቀጥቀጥ በቀር የሚያየው አልነበረውም። ያም ሆኖ በየቀኑ ለሁሉም ክፍት የሆኑ ሰዓታት ነበሩት፤ ከ1988 እስከ 2018 የዘለቀው፣ ፖለቲከኞችን በአሻንጉሊት እያስመሰለ የሚሸነቁጠው ዝግጅት እንኳ ለረጅም ዘመን በእነዚህ ሰዓታት በነፃ ይታይ ነበር። እኔ ይህን ከልግስና ይልቅ ብልህ ንግድ እለዋለሁ።

ጽሑፋችሁ የዘለለው ዋናው ጉዳይ ግን ሲኒማ ነው። ጣቢያው ከገቢው የተወሰነውን ድርሻ ለፈረንሳይና ለአውሮፓ ፊልሞች የማዋል ግዴታ ስለተጣለበት ለአሥርተ ዓመታት የአገሪቱ ፊልም ሥራ ዋነኛ ገንዘብ አቅራቢ ሲሆን፣ በምላሹም አዳዲስ ፊልሞችን ከነፃ ጣቢያዎች ቀድሞ የማሳየት መብት አግኝቷል። ተመዝጋቢው በየወሩ የሚከፍለው ገንዘብ፣ ምናልባትም ሳያውቀው፣ ገና ያልተቀረጸ ፊልም ወጪ ይሸፍናል ማለት ነው። በሚቀጥለው እትም ይህን ጎን እንድትመለከቱት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ