ቬንቲሌተሩስ መጣ፣ ትንፋሹን ማን ይቁጠር?

ክቡር አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ጋዜጣችሁን የማነበው ከሌሊት ተራ ወጥቼ ቁርስ ስበላ ነው። ነርስ ነኝ፤ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል። አንድ ሆስፒታል ቬንቲሌተር (ለሕመምተኛ የሚተነፍስለት ማሽን) በእርዳታ አገኘ የሚል ዜና ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል፣ ሳልጨርሰው ደግሞ ቅር ይለኛል። ፎቶው ላይ ላስቲኩ ያልተነሳለት ማሽን አለ፣ ሙሉ ልብስ የለበሱ ሰዎች አሉ፣ ሪባንም አይጠፋም። ማሽኑን ሌሊት ማን እንደሚጠብቀው ግን ተጽፎ አይቼ አላውቅም።

አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ያለፈው ክረምት ላይ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ሃምሳ ዓመት ገደማ የሚሆነው ሰውዬ ከዋርድ፣ ከተራው የተኝቶ ታካሚዎች ክፍል ማለት ነው፣ ወደኛ መጣ። የሳንባ ምች ነው። ገና ስትሬቸር ላይ እያለ ነገሩ ገባኝ፤ የአንገቱ ጅማት ተወጥሯል፣ በጎድን አጥንቱ መሃል ያለው ሥጋ ስርጉድ ስርጉድ ይላል፣ ስሙን ለመናገር እንኳ ትንፋሽ አጥሮታል። ሰዓቴን ይዤ ድፍን አንድ ደቂቃ ቆጠርኩ። 38! ጤነኛ አዋቂ እኮ የሚተነፍሰው ከ12 እስከ 20 ነው። ከዚያ ቻርቱን ገለጥኩ። የሁለት ቀኑ የትንፋሽ ረድፍ 20፣ 20፣ 20፣ 20 ይላል፤ በአንድ እስክሪብቶ፣ ሁሉም በአንድ ትንፋሽ የተጻፈ ነው የሚመስለው። ሚስቱ በር ላይ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ቆማለች። "ሲስተርዬ፣ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እኮ እንደሮጠ ሰው ያለከልካል፣ ብናገር ማን ይስማኝ" አለችኝ።

ቱቦ ገባለት፣ ቬንቲሌተር ላይ ዋለ፣ የደም ግፊት ማንሻ ተጀመረለት። በሦስተኛው ቀን አረፈ። ማሽን ጠፍቶ አይደለም፤ ያን ሌሊት እንዲያውም አንዱ ላስቲኩን እንደለበሰ ጥግ ላይ ቆሞ ነበር።

በዋርዷ ነርስ አልፈርድም። ለ30 ሕመምተኛ ብቻዋን ነበረች። የእያንዳንዱን ትንፋሽ አንድ አንድ ደቂቃ ብትቆጥር ግማሽ ሰዓት ይሄዳል፤ መርፌው፣ ግሉኮሱ፣ "ሲስተር ነይማ" የሚለው ሁሉ ገና ሳይነካ ማለት ነው። ስለዚህ 20 ይጻፋል። የሙያ ጓደኞቼ አትቀየሙኝ፣ እኔም ጽፌ አውቃለሁ።

ግን ትንፋሽ ለቅጽ መሙያ የሚጻፍ ቁጥር አይደለም። ሴፕሲስ ሲጀምር፣ ሰውነት በኢንፌክሽን ሲናወጥ ማለት ነው፣ ብዙ ጊዜ ግፊቱ ሳይወርድ በፊት ትንፋሹ ይፈጥናል። ግፊቱ አንዴ ከወረደ ሩጫው የደቂቃ ነው፤ ዓለም አቀፉ መመሪያ ለካልቸር፣ ጀርሙን ለይቶ ለሚያሳየው ምርመራ ማለት ነው፣ ደም ተቀድቶ፣ ውጤቱ ሳይጠበቅ፣ አንቲባዮቲኩ በ1 ሰዓት ውስጥ ይሰጥ ይላል። ቬንቲሌተር ደግሞ የሳንባ ምች አያድንም። መድኃኒቱ እስኪሠራ ሰውየውን ያቆይልናል፣ ይኸው ነው።

ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያስ ትሉኝ ይሆናል። አለ፣ እኔም ያለሱ አልሠራም። ብቻ እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት አለ፤ መለኪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ እያሳየ ደማቸው በቀጥታ ሲመረመር፣ በጥቁር ታካሚዎች ከ100 ልኬት 12 በሚጠጋው ኦክስጅኑ ከ88 በመቶ በታች ሆኖ ተገኘ። በነጮቹ 4 ገደማ ነበር። እንግዲህ የኛን ሕመምተኛ ቆዳ አስቡት። ደሙን በቀጥታ የሚለካው ማሽን እኛ ጋ አለ፤ ሪኤጀንቱ፣ የመመርመሪያው ኬሚካል፣ ነው በየወሩ የሚያልቀው።

ጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚባለው ራሱ ሲጀመር እኮ በሰው እጅ ነው የተጀመረው። እ.ኤ.አ. በ1952 ኮፐንሃገንን ፖሊዮ መታት። ብሌግዳም ሆስፒታል ሰውነትን ሙሉ የሚያስገባው ትልቁ የመተንፈሻ ማሽን የነበረው አንድ ብቻ ነው። ቢዮርን ኢብሰን የሚባል የማደንዘዣ ሐኪም፣ የአንዲት የ12 ዓመት ልጅ ጉሮሮ ተበስቶ ቱቦ ከገባ በኋላ፣ አየሩን በከረጢት እየጨመቀ ሰጣት። ተረፈች። ከዚያ ወደ 1,500 የሚሆኑ የሕክምና ተማሪዎች ተራ ገብተው ቀን ከሌሊት ከረጢት ጨመቁ፤ አንድ ተማሪ፣ አንድ ሕመምተኛ። እኛም መብራት ጠፍቶ ጄነሬተሩ እስኪነሳ ድረስ አምቡ ባግ፣ በእጅ የሚጨመቀውን የአየር ከረጢት፣ ይዘን የምናደርገው ይህንኑ ነው፣ ክንዳችን እስኪዝል።

ስለዚህ ዘጋቢያችሁን አደራ። በሚቀጥለው ርክክብ መቅረጫውን ሲያቀርብ ይጠይቅልኝ፦ ሌሊት ለዚህ ማሽን ስንት ነርስ ተመድቧል? ሕመምተኛው የሚመጣበት ዋርድ ውስጥስ ሰዓት ይዞ ትንፋሽ የሚቆጥር አለ? መልሱን እንደሰጧችሁ አትሙት። ዛሬም የሌሊት ገቢ ነኝ፣ አሁን ልተኛበት።

የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ
ከአዲስ አበባ