የማስረጃ ሕግ ተምሮ ማስረጃ ያጣ አመልካች

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ክረምት ሲገባ የሕግ ምሩቃን ስለ ውጭ አገር ማስተርስ መጠየቅ ይጀምራሉ። ቀዳሚው ጥያቄ ሁሌም «ስንት ሲጂፒኤ ይበቃል?» የሚል ነው። ነጥብ ይረዳል፤ ብዙውን ማመልከቻ የሚጥለው ግን ወረቀት ነው።

ትልቁ ጣጣ የዘመን አቆጣጠር ነው። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀ ሰው ጊዜያዊ ዲግሪው (ቴምፖው) ላይ «2014» ብቻ ተጽፎ የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑ ካልተገለጸ፣ ጀርመን፣ ቦን ላይ ፋይሉን የሚያገላብጠው ሰው በራሱ አቆጣጠር ያነበዋል። ምሩቁ ቁጭ ብሎ ስምንት ዓመት አረጀ ማለት ነው። የጀርመኑ የትምህርት ልውውጥ ድርጅት ዳአድ ደግሞ በብዙዎቹ ስኮላርሺፖቹ የመጨረሻው ዲግሪ ከተገኘ ስድስት ዓመት ማለፍ የለበትም ይላል። አመልካቹ ለምን እንደወደቀ የሚነግረው የለም፤ «እናዝናለን» የምትል ኢሜይል ብቻ ትደርሰዋለች።

ስምም እንዲሁ ነው። ጸጋዬ በዲግሪው ላይ በ«ቲ-ኤስ»፣ በፓስፖርቱ ላይ በ«ኤስ» ከጀመረ ሁለት ሰው ሆኖ ይታያል። መፍትሔው ፓስፖርቱን አምስተኛ ዓመት ሳያልቅ አውጥቶ ቅጂውን ለሬጅስትራር ማስገባት ነው። ዲግሪው ከታተመ በኋላ ማስተካከል ብዙ ስለሚያመላልስ፣ ሁለቱ አጻጻፎች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ መጠየቅ ይሻላል።

ከዚያ የወጪ መጋራት አለ። ክፍያው ሳይጠናቀቅ ዋናው ዲግሪ አይሰጥም፤ ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕትም ወደ ውጭ አይላክም። ለተማሪው በእጁ የሚሰጠው ስቱደንት ኮፒ ደግሞ ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕት አይደለም። ኦፊሴላዊው ታሽጎ ከተቋም ወደ ተቋም የሚሄድ ነው። ለአሜሪካ ኤልኤልኤም (የሕግ ማስተርስ) የአመልካቾችን ሰነድ በሚሰበስበው ድርጅት በኤልሳክ በኩል የሚያመለክት ሰው ትራንስክሪፕቱን ራሱ ስካን አድርጎ ቢልክ አይቆጠርለትም። የማስረጃ ሕግ ኮርስ ወስዶ በራሱ ማስረጃ መሸነፍ ያሳዝናል።

የእንግሊዝኛ ፈተናው አይኤልትስ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ስለሆነ ሦስተኛ ዓመት ላይ መፈተን ብር መጣል ነው። ብዙ የሕግ ፕሮግራሞች 7 ይጠይቃሉ፤ ከአጠቃላዩ ሌላ የየክፍሉንም ያያሉ። በድምር 7 አምጥቶ በጽሑፍ 6 ያገኘ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ድጋፍ የሚጽፉ መምህራንም ከጂሜይል ይልቅ የተቋማቸውን ኢሜይል ቢጠቀሙ ይመረጣል።

የብሪታንያ መንግሥት ስኮላርሺፕ ቼቭኒንግ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ስለሚፈልግ ዘንድሮ የተመረቀ ልጅ ባይቸኩል ይሻለዋል። በአውሮፓ ኅብረቱ ስኮላርሺፕ በኤራስመስ ሙንዱስ ግን የሥራ ልምድ የማይጠይቁ ብዙ ፕሮግራሞች አሉ፤ ወርኃዊ ድጎማውም 1,400 ዩሮ ነው። የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ የሰብዓዊ መብቶች ማዕከል ኤልኤልኤምም እዚህ የሚገባውን ያህል አይታወቅም።

ስለ ትምህርት መስክ ምርጫ አንድ ነገር እንበል። ሕጋችን በኮድ፣ ማለትም በተደራጀ የሕግ መጽሐፍ የተጻፈ ነው፤ የ1952ቱን ፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ለንደን ሄዶ በፍርድ ቤት ውሳኔዎች ላይ የቆመውን የእንግሊዝ የውል ሕግ አጥንቶ የሚመለስ ሰው እዚህ ፍርድ ቤት ብዙ አይጠቅመውም። ከፍርድ ቤት ውጭ ክርክር የሚዳኝበትን ግልግል ማጥናት ግን ይጠቅማል፦ ኢትዮጵያ የኒውዮርኩን የግልግል ስምምነት በ2012 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ የግልግል አዋጅ ቁጥር 1237ም በ2013 ወጥቷል። ቼቭኒንግ ሦስት ኮርስ አስመርጦ «ለምን ይህን?» ብሎ ሲጠይቅ እንዲህ ያለ መልስ ይዞ መቅረብ ነው። «የሕግ የበላይነትን ለማስፈን» የሚለውን ሁሉም ይጽፈዋል።

ለቼቭኒንግም፣ ለአሜሪካው ፉልብራይትም፣ ለኤራስመስ ሙንዱስም የማመልከቻ ክፍያ የለም። «ፎርም እንሞላለን» ብሎ ብር የሚጠይቅ ደላላ ፎርም ከመሙላት ያለፈ ነገር የለውም።

ሬጅስትራሮች በእያንዳንዱ ሰነድ ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር ቢያሰፍሩ የሚጨመረው አንድ መስመር ነው። ጋዜጣችሁም የስኮላርሺፕ ማስታወቂያ ሲያወጣ ቀኑንና ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ቢያክል መልካም ነው። በግሪንዊች 12 ሰዓት የተባለው እኛ ዘንድ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፤ ማታ 12 ሰዓት ድረስ ጊዜ አለኝ ብሎ የተቀመጠ ሰው ድረ ገጹን ሲከፍት ተዘግቶ ያገኘዋል።

የሕግ መምህራን
ሀዋሳ