የመስቀሉን ሐረግ ያወጣልኝ የቀለም ባልዲ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከጎንደር፣ ከአራዳ ነው። በቅርቡ በአንባቢያን ገጻችሁ ላይ አንድ ወጣት ትንንሽ ነገሮችን በቅርበት ማንሳት እንደሚወድ፣ ግን ለማክሮ የሚሆን መብራት መግዣ ስለሌለው እንደተወው ጽፎ አነበብኩ። ጋዜጣውን አጥፌ ልተኛ ስል እንቅልፍ እምቢ አለኝ። «ትቼዋለሁ» ያላት ቃል ከነከነችኝ። ልጁ እንዲያያት ይህቺን ደብዳቤ ብታወጡልኝ ደስ ይለኛል። እሱ ባያያት እንኳ እንደሱ የተወ ሌላ ሰው አይጠፋም።

እኔ ፎቶ አንሺ ነኝ። እንጀራዬ ሰርግና ልደት ነው። ልቤ ያለው ግን ትንንሹ ነገር ላይ ነው፤ የመስቀል ሐረግ፣ የጠገራ ብር ፊት፣ አደይ አበባ ላይ ያረፈች ንብ። ፍላሼ አሮጌ ነው። ብርሃኑን የሚያለሰልሱትንና የሚመሩትን ዕቃዎች በሙሉ የሠራሁት እቤቴ፣ በመቀስና በፕላስተር ነው።

ከዚህ በኋላ ለራሱ ለልጁ ልጻፍ።

ወንድሜ፣ መብራት ለምን እንደሚያስቸግርህ መጀመሪያ እንተማመን። በጣም ስትጠጋ ጥርት ብሎ የሚታየው ቦታ ይሳሳል። ዕቃው ሴንሰሩ ላይ፣ ማለትም ካሜራው ውስጥ ምስሉን በሚቀበለው ሰሌዳ ላይ፣ በራሱ መጠን ልክ እስኪያርፍ ከተጠጋህ፣ ትልቅ ሴንሰር ባለው ካሜራ ኤፍ 4 ላይ (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ መጠን ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል) የሚጠራው ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። የንቧ ዓይን ሲጠራ ክንፏ ይደበዝዛል። ወደ ኤፍ 16 ብታጠበው 2 ሚሊሜትር ገደማ ታገኛለህ፤ የሚገባው ብርሃን ግን ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። መጠጋቱ ራሱ ደግሞ የቀረችውን ብርሃን እንደገና ወደ ሩብ ይቀንሳታል። በዚያ ላይ ሌንሱ ዕቃውን ሊነካ ምንም አልቀረውም፣ ጥላው ያርፍበታል። የክፍሉ አምፖል አይበቃም። ካሜራው ራስ ላይ የተሰካው ፍላሽም በላዩ አልፎ ይሄዳል።

መፍትሔው ያለው ግን እዚያው ትንሽነቱ ውስጥ ነው። ብርሃን የሚለሰልሰው ምንጩ ከሚነሳው ነገር አንጻር ሰፊ ሲሆን ነው። ለሙሽራ ፊት አንድ ሜትር ጃንጥላ እዘረጋለሁ፤ ለንብ ግን የደብተር ገጽ የሚያህል ነጭ ወረቀት ሰማይ ነው። መብራቱን ስታቀርበው ደግሞ ኃይሉ ይጨምራል፤ ርቀቱን በግማሽ ብትቀንሰው አራት እጥፍ ይሆንልሃል። ደካማ ፍላሽ ለሰርግ አዳራሽ አይሆንም፣ ለዚህ ሥራ ግን ይተርፋል።

ስለ ባልዲው ልንገርህ። እዚሁ ከተማ የማውቃቸው አንጥረኛ አሉ። ልጃቸው መስቀሎቻቸውን በቴሌግራም ልትሸጥላቸው ፈልጋ አንሳልን አሉኝ። እኔም ፍላሼን ይዤ ሄድኩ። ብር መስታወት ነው፣ ያየውን ሁሉ መልሶ ያሳያል። ፎቶው ላይ መሐሉ ነጭ እሳት ሆነ፣ ዳሩ ጠቆረ፣ አንዱ ክንፍ ላይ የራሴ ካሜራ ጥቁር ሆኖ ቁጭ አለ። ሽማግሌው አዩትና «የኔ ልጅ፣ ይሄ እኮ የኔ መስቀል አይደለም» አሉኝ። ሳምንታት የለፉበት ሥራ ነው። አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

እቤት ስገባ ቤት ቀቢዎች ትተውት የሄዱት ነጭ የቀለም ባልዲ ግቢው ውስጥ ተቀምጧል። አጠብኩት። ቂጡን በሌንሱ ልክ ክብ አድርጌ ቆረጥኩና ገልብጬ ጠረጴዛ ላይ ደፋሁት። መስቀሉ ከውስጥ፣ ሌንሱ ከላይ በቀዳዳው፣ ሁለት መብራት ከውጭ በግራና በቀኝ። የባልዲው ግድግዳ ራሱ መብራት ሆነ። ብሩም ነጭ ብቻ ስላየ ነጭ ብቻ መለሰ። ግን ደስታዬ ሙሉ አልነበረም፤ ሁሉም ነገር ነጭ ሲሆን የተቀረጸው ሐረግ ጠፋ። ሁለት ቀን ታገልኩት። በመጨረሻ ሁለት ጣት የምትሰፋ ጥቁር ወረቀት ባልዲው ውስጥ በአንድ በኩል ለጠፍኩ። ብሩ ያቺን ጥቁር መስመር በየጠርዙ ያዘና እያንዳንዱ ጭረት በስሱ ተከበበ። ለሽማግሌው ወስጄ ሳሳያቸው ስልኩን ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው ረዥም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «እጄን አየሁት» አሉ። ከዚህ ሥራ ያገኘሁት ትልቁ ክፍያ ይሄ ነው።

ባልዲው ነጭ ይሁን። በቢጫ ጀሪካን ሞክሬ ብሩ ነሐስ መስሎ ወጥቷል።

ጠገራ ብር ግን በባልዲ አይነሳም። ብርሃኑ ከየአቅጣጫው እኩል ሲመጣ ምስሉ ይተኛል፣ የንግሥቲቱም ፊት፣ 1780 የሚለውም ቁጥር ይሟሽሻል። እሱ የሚፈልገው አንድ መብራት ነው፣ ያውም ከጠረጴዛው ጋር ትከሻ ለትከሻ ሆኖ በጎን የሚልስ። ከካርቶን ቱቦ ጠቅልል፣ ውስጡን በጥቁር ወረቀት ልበጠው፣ የስልክህን ባትሪ ከጀርባው አብራ። በዚያኛው ወገን ፎይል የለበሰ ትንሽ ካርቶን አቁም፤ ፎይሉን መጀመሪያ ጨምድደው፣ ከዚያ ዘርጋው፣ ብርሃኑን በታትኖ ይመልስልሃል። እዚሁ ጎንደር አጠገብ ያለችውን የወለቃን ሸክላም የማነሳው በዚሁ መንገድ ነው። የጣት አሻራው ሳይቀር ጭቃው ላይ ይነበባል።

ለንቧ የሚሆነው ሌላ ነው፣ ምክንያቱም እሷ ቆማ አትጠብቅህም። በመስከረም ከከተማው ወጣ ብዬ አደይ አበባ መሐል ስንበረከክ የምይዘው ካሜራው ላይ የሚታሰር ነገር ነው። ከካርቶን ገንዳ ሠራሁ፣ ውስጡን ፎይል አለበስኩት፣ የፍላሹ አፍ ከኋላ ይገባበታል፣ የፊቱ ደግሞ ከሌንሱ ጫፍ በላይ ወደታች ይጎነበሳል። አፉን የሸፈንኩት በእናቴ አሮጌ ነጠላ ነው፣ ሁለት እጥፍ አድርጌ። ብዙ ነገር ሞክሬያለሁ፤ ኬክ ቤቶች የሚጠቀሙበትን ስስ ወረቀት፣ ፌስታል፣ የሃይላንድ ጠርሙስ። ጠርሙሱ ጥርት ያለ ስለሆነ ብርሃኑን አይበትንም፣ ወረቀቱ በጤዛ ይለሰልሳል፣ ፌስታሉ በነፋስ ይንኮሻኮሻል። የነጠላን ያህል የሆነልኝ የለም። ነጠላው ከዕድሜ ብዛት ትንሽ ወይቦ ስለነበር ነጭ ወረቀት አንስቼ ካሜራው ላይ ነጩን አስተካከልኩ፣ በቃ። ፍላሹን ዝቅተኛ ኃይል ላይ አድርገው፤ ብዙዎቹ ፍላሾች በዚያ ኃይል የሚበሩት ከአንድ አሥር ሺኛ ሰከንድ ላነሰ ጊዜ ነው። ክንፍ ቀጥ ይላል፣ የእጅህ መንቀጥቀጥም አይታይም።

የሠራኸው ነገር መሥራቱን የምታውቀው በኩሽኔታ ብይ ነው። ጋራዥ ሄደህ ከአሮጌ ኩሽኔታ አንዷን ለምን፣ ጠረጴዛ ላይ አድርገህ አንሳት። ብይዋ የመብራትህን መልክ እንዳለ ታሳይሃለች። መሐሉ አንጸባርቆ ዳሩ ከጠቆረ ጨርቁን ከፍላሹ አርቀው፣ ወይም ሌላ እጥፍ ጨምር። ነጩ ከዳር እስከ ዳር እኩል ሲሆን ተሳክቶልሃል። የጥንዚዛ ጀርባም፣ የዝንብ ዓይንም የሚያሳየው ያንኑ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ «ለማክሮ ነው» ተብዬ የገዛሁት ክብ መብራት በእያንዳንዱ ዓይን ውስጥ የብርሃን ቀለበት ጥሎብኝ የአንድ ክረምት ፎቶ አበላሽቶብኛል። ርካሽ የኤልኢዲ አምፖልም ተጠንቀቅ። መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ አንዳንዱ አምፖል ዓይን ሳያየው በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ ሹተሩን፣ ብርሃን የሚያስገባውን የካሜራውን መዝጊያ፣ ስታፈጥነው ፎቶው ላይ ጥቁር መስመር ይሠራል።

አሁን የምለውን ግን አደራ ስማኝ። የፍላሽ ሆድ አትክፈት። ውስጡ ያለው ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ካፓሲተር 300 ቮልት ገደማ ይይዛል፣ ባትሪ ድንጋዩን ካወጣህ በኋላም ይዞ ይቆያል። እኔን ክንዴ ድረስ መትቶኛል፣ እግዜር ነው ያተረፈኝ። የሚግል አምፖል አጠገብም ወረቀትና ጨርቅ አታድርግ፣ ይቀጣጠላል። ሌላው፣ ዕቃ ሠራሁ ብለህ የትም አታብራ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ውስጥ በፍላሽ ማንሳት አይፈቀድም፣ ልክም ነው። ያን ጣሪያ ሙሉ የመላእክት ፊት እኛ ተጠብቆ እንዳገኘነው ሌላውም ያግኘው። ለብራናም እንዲሁ ነው፤ ባለቤቱን ጠይቅ፣ በመስኮት ብርሃንና በነጭ ወረቀት ሥራ።

ውድ አዘጋጅ፣ የፎቶ ገጻችሁ የሚያምር ፎቶ ሲያወጣ ከሥሩ ያለው የካሜራው ስም ብቻ ነው። መብራቱ ከየት መጣ፣ በምን ተሸፈነ፣ ጥላው በምን ተመለሰ የሚል ሁለት መስመር ቢጨመርበት ይህ ልጅ «ትቼዋለሁ» ባላለ ነበር ብዬ አምናለሁ። ይህን ብትሞክሩት እኔ የራሴን ፎቶዎች ከነአሠራራቸው ለመላክ ዝግጁ ነኝ።

አንተም ወንድሜ፣ ባልዲው ነገ ይደርሳል። ዛሬ ማታ ቤት ውስጥ ቡና ሲቆላ አንድ ፍሬ ለምንና ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጣት። የስልክ ባትሪ በጎኗ አብራ፣ በብርሃኑና በፍሬዋ መሐል ሌላ ወረቀት አቁም፣ በዚያኛው ወገን ፎይል። ከዚያ የመሐሏን ስንጥቅ ተጠግተህ አንሳ። ስንጥቁ ውስጥ የቀረው ስስ ገለባ እስኪታይህ ድረስ ወረቀቱን አቅርብ፣ አርቅ።

አክባሪያችሁ
ከጎንደር